የአቦሸማኔ ማርሚታ

ሙርሳል የስፖርት መኪናውን ለምን እንደተወው ብትጠይቁ አሶሳ ውስጥ መልስ የሌለው ሰው የለም። አንዱ ሞተር አጥቶ ነው ይላል። ሌላው ፈቃድ ተከልክሎ ነው ይላል። ሻይ ቤት ውለው የሚያመሹት ደግሞ ዓይን በልቷት ነው ብለው ይምላሉ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ! ሰውየውን ራሱን ደፍሮ የጠየቀው የለም፣ በቦታው የነበሩትም አያወሩም እንጂ ነገሩ ሌላ ነው።

ሙርሳል በባምባሲ መውጫ ላይ ለባጃጅ የዕቃ መጫኛና ተጎታች ጋሪ የሚሠራ ጋራዥ አለው። "ፋብሪካዬ" ይለዋል፤ ሰው ይስቅበታል፤ እሱ ደንታም የለው። ያኔ ሦስት ነበሩ። ሞተሩ የሙርሳል፣ መሪው የታናሽ ወንድሙ የሐመድ፣ ላሜራው የቸሩ። ቸሩ ወላጆቹ በሰባ ሰባት ድርቅ ከወሎ መጥተው የሰፈሩ፣ እዚሁ የተወለደ ሰው ነው። ማርተሎ ከያዘ ብረቱ እንደ ሊጥ ነው የሚታዘዝለት። ሦስቱ ሁለት ዓመት ሙሉ ከጋሪው ሥራ ጊዜ እየሰረቁ ዝቅ ያለች፣ ባለ ሁለት ወንበር፣ ቀይ መኪና ሠሩ። አቦሸማኔ አሏት። ሙርሳል ከዚያ ወዲያ ሌላ ወሬ አልነበረውም፤ ሚስቱ ብኸይታ እንኳ "ሁለተኛ አገባህብኝ" ትለው ነበር።

ዓመቱ ግን ክፉ ነበር። ከድባጤ በኩል የሚደወለው ስልክ ሁሉ የሬሳ ወሬ ነው። ታጣቂ ወደ አሶሳም በመኪና ሊመጣ ነው ተብሎ ስለተወራ የሰፋሪዎቹ መንደር መንገዱ ላይ ገመድ ወጥሮ ኬላ አቆመ። ከየቤቱ አንድ ወንድ ተራ ይገባል። ቸሩም ተራው ሲደርስ የአባቱን ክላሽ አንግቶ ይወጣል። አቦሸማኔ የምትፈተነውም በዚያው መንገድ ነበር፤ ደህና አስፋልት ሌላ ከየት ይምጣ?

ኬላው ከጥምዝ ጀርባ ስለሆነ ጠባቂው የሚመጣውን የሚለየው በጆሮው ነው። ቸሩ ይህን ስለሚያውቅ የኬላ ጓደኞቹን በደንብ አስጠናቸው። "የኛዋ ድምጿ አይሰማም፤ ሹልክ ብላ ነው የምታልፍ። ገመዱን አውርዱላት። የሚያጓራ ነገር ሳይቆም ከመጣባችሁ ግን የኛ አይደለም" አላቸው። ለሙርሳልም "አብሽር፣ ጨርሰናል፤ ሐመድ ፍሬን እንኳ አይንካ" አለው። ሁለት ወር በዚህ ስምምነት ነዱ።

አንድ ሐሙስ አልአሚን የሚባል ነጋዴ መጣ። ደስ ካለችው አሥር መኪና ሊያዝ ነው። ዞሮ አያት፣ ወንበሯ ላይ ተቀመጠ፣ ሞተሩን አስነሳ። ከዚያ ከት ብሎ ሳቀ።

"ወላሂ፣ ይሄ መኪና ነው የልብስ ስፌት? ስፖርት መኪና ሰው ሳያየው ይሰማዋል!"

ነገሩ ሙርሳልን አጥንቱ ድረስ ዘለቀው። ድንቄም የልብስ ስፌት! ዓርብ ጠዋት፣ ቸሩ ለኬላ ተራው መንደሩ ቀርቶ ሳለ፣ ድምፅ የሚያፍነውን ማርሚታ ፈትቶ ከጠረጴዛው ሥር ወረወረውና ባዶ ቱቦ በየደበት። ሞተሩ ሲነሳ የጋራዡ ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ። እግር ከነዳጁ ላይ በተነሳ ቁጥር ከጭስ ማውጫው ጧ! ጧ! ይላል። ሐመድ በደስታ ጮኸ።

"ለቸሩ ልደውልለት?" አለ ስልኩን አውጥቶ።

"ተወው" አለ ሙርሳል እየሳቀ። "ይደንግጥ።"

ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሐመድ አቦሸማኔን ይዞ ወጣ፤ ሙርሳል በሞተር ሳይክል ተከተለው። ጥምዙ ጋ ሲደርስ ሐመድ እግሩን ከነዳጁ አነሳ። ጧ! ጧ! ጧ! ከዚያ ሌላ ጧጧታ መለሰ፤ ይሄኛው ከመኪናዋ አልነበረም።

ሙርሳል ጥምዙን ሲያልፍ መኪናዋ ቦይ ውስጥ ገብታ ጎማዋ ይሽከረከራል። መስታወቱ ረግፏል። የሐመድ አንገት በአንድ በኩል ተበጥሶ ደሙ መሪው ላይ ይፈሳል፤ እግሩ ነዳጁ ላይ ተጭኖ ቀርቷል፤ ሞተሩ ያጓራል። ሙርሳል በእጁ ቁስሉን ሊደፍነው ሞከረ። ትኩሱ ደም በጣቶቹ መሃል አምልጦ እስከ ክርኑ ወረደ። ሐመድ ሊናገር አፉን ከፈተ፣ ደም አረፋ ሆኖ ወጣ፣ አለቀ።

ከገመዱ ማዶ ቸሩ ክላሹን ይዞ ሲሮጥ መጣ። መጀመሪያ ያየው በሩን ነው። በገዛ እጁ ቀጥቅጦ ያወጣው በር በጥይት ወንፊት ሆኗል። ክላሹን ሣር ውስጥ ወርውሮ ፊቱን በጥፍሩ ይቧጥጥ ጀመር።

"ሙርሳሌ! ድምፁ የኛ አይደለም! ወንድሜን፣ ድምፁ እኮ የኛ አይደለም!"

ሙርሳል ሰማው፤ የወንድሙን ዓይን ከደነ።

ሬሳው በአይሱዙ መጣ፣ አቦሸማኔ ከኋላው በገመድ ተጎተተች። ቸሩ "ተው፣ ይገድሉሃል" ቢባል እምቢ ብሎ ከሬሳው ጋር ተጫነ። ጋራዡ በር ላይ የሙርሳል አጎት ሻዕባን፣ መጥረቢያ ይዞ፣ ከሠላሳ የሚበልጥ ሰው ሰብስቦ ይጠብቅ ነበር። ገጀራው፣ ዱላው፣ ጀሪካኑ ሁሉ ተዘጋጅቷል። ቸሩን ከአይሱዙው ጎትተው አወረዱት። በዱላ ጥርሱን አረገፉት፣ ጎኑን ረገጡት፣ አንዱ በገጀራ ጆሮውን ቀደደው። እጁን አላነሳም። ቤንዚን ከራሱ ላይ አፈሰሱበት።

"መጀመሪያ እሱ ይነድዳል" አለ ሻዕባን። "ከዚያ መንደሩ ይነድዳል። ሴት የለ፣ ልጅ የለ፣ ሁሉ። ደም በደም ነው።"

ሙርሳል ማርሚታውን ከጠረጴዛው ሥር ያየዋል። ሰው ሁሉ ጀርባውን ሰጥቶታል፤ እሱ ብቻ ነው የሚያየው። ዝም ቢል ማንም አያውቅም። ሆድ ይፍጀው! ዝም ቢል ወንድሙ የተገደለበት ሰው ነው፤ አቦሸማኔም ነገ ሌላ በር ይሠራላታል። ቢናገር ግን ወንድሙን የበላ ራሱ ነው። ፈራ፣ በጣም ፈራ።

ቸሩ ያበጠ ዓይኑን ወደሱ አዞረ። ነፍሴን አድንልኝ አላለም።

"አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ድምፁ የማን ነው?"

ሻዕባን ክብሪቱን ጫረ።

"የኛ ነው!" ብሎ ጮኸ ሙርሳል። ሮጦ ክብሪቱን በመዳፉ አፈነውና ማርሚታውን ጎትቶ አጎቱ እግር ሥር ጣለው። "እኔ ነኝ የፈታሁት! አልነገርኩትም! ሐመድን የገደልኩት እኔ ነኝ!"

ሻዕባን ብረቱን አየ፣ ሙርሳልን አየ። ከዚያ በመጥረቢያው ደንደስ ቀኝ ክንዱን መታው፤ አጥንቱ ሲሰበር ደጅ የቆሙት ሁሉ ሰሙ። እንደገና አነሳው፣ ግን አልሰነዘረም። ሽማግሌው መጥረቢያውን ጥሎ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

"ወላሂ፣ አሁን እኔ ማንን ልግደል?" ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ሰዉ አንድ በአንድ ገጀራውን እየሸጎጠ ወደ ሬሳው ሄደ። ሙርሳል በግራ እጁ ትልቁን ማርተሎ አንስቶ አቦሸማኔን መምታት ጀመረ። መብራቷን፣ ኮፈኗን፣ ሞተሯን። የተሰበረው ክንዱ በመታ ቁጥር ይወዛወዛል፤ እየጮኸ ይመታል። ቸሩ በቤንዚን እንደራሰ ተንፏቆ መጣና ሌላ መዶሻ አነሳ። የሠራውን በር እሱ ራሱ ቀጠቀጠው።

በለቅሶው ሦስተኛ ቀን አልአሚን መጥቶ ከሙርሳል አጠገብ ተቀመጠ። "አላህ ይዘንለት" አለ፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "የአቦሸማኔ ስም እኮ አገር አዳርሷል፤ አሁን ሃያ ቢሠራም ይሸጣል" አለው። ሙርሳል አንቆ ሊገድለው ነበር፤ ስድስት ሰው ነው ያላቀቀው።

ቸሩ ታሠረ። ሙርሳል ዓርብ ዓርብ ስንቅ ይወስድለታል። ብዙ ጊዜ ስለ ጋሪው ሥራ ብቻ ነው የሚያወሩት። አንድ ቀን ግን ቸሩ ጠየቀው።

"የዚያን ዕለት ስልክ አልነበረህም?"

ሙርሳል ይህን ለማንም አልተናገረም ነበር። ለሚስቱም ቢሆን።

"ሐመድ ልደውልለት ብሎኝ ነበር። ተወው፣ ይደንግጥ አልኩት።"

ቸሩ የሽቦውን አጥር በሁለት እጁ ያዘ።

"ደነገጥኩ" አለ።