የዘገየ ጋን ያጥባል

ባሏ የሞተባት ሴት የሚያዝንላት ሰው ያስፈልጋታል፤ አልክድም። እኔን ግን ያዘኑልኝ ሰዎች በዙና ሊገድሉኝ ደረሱ። ተፈራ ከሞተ ወዲህ ሸዋ ሮቢት ውስጥ ቆጣ ብሎ ያናገረኝ ሰው አልነበረም። ሁሉም አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ በሽተኛ ነበር የሚያየኝ። እኔ ንግሥት! አፏን የሚፈሩት ንግሥት!

አስፋልቱ ዳር ለከባድ መኪና ሾፌሮች ምሳ የምሸጥበት ቤት ነበረኝ። ተፈራ በረንዳው ላይ ቆሞ ሾፌሮቹን በየስማቸው እየጠራ ያስገባል፣ እኔ ከጓዳ ሆኜ እቆጣለሁ። «ንግሥት ካልተቆጣች ወጡ አይጥምም» ይሉ ነበር። እሱ ሲሞት ዘጋሁት። መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት ደንበኛውም ሳስቶ ነበር፤ ግን ላልዋሽ፣ የዘጋሁት በረንዳው ላይ የሚቆም ሰው ስላጣሁ ነው። አሁን በሙቀት ቁጭ ብዬ ወደ ጀውሃና ወደ ካራቆሬ የሚያልፉትን መኪኖች አያለሁ። አንዳንዱ የድሮ ደንበኛ ከልማድ ፍጥነቱን ቀነስ ያደርግና በሩን ዝግ ሲያየው ነድቶ ይሄዳል።

ዘመድ የለኝም፣ ልጅም እግዜር አልሰጠኝም። ያለኝ ማኅበሬ ነው። የኪዳነ ምሕረት ማኅበርተኞች ነን፤ ወር በገባ በዐሥራ ስድስት በተረኛው ቤት እንሰበሰባለን። ተረኛው ጠላውን ይጠምቃል፣ ዳቦውን ይደፋል፣ ቄሱ ይባርካሉ፣ ጽዋው ይዞራል። ሲያበቃም ጽዋው በነጠላ ተሸፍኖ በእልልታ ወደ ቀጣዩ ተረኛ ቤት ይሄዳል። ታዲያ መብላትና መጠጣት ብቻ እንዳይመስላችሁ። የታመመ እናስታምማለን፣ የፈረሰ ቤት እንሠራለን፣ የአንዱ ማሾ፣ የቆላው ጥራጥሬ፣ ሲደርስ ሁላችንም ወጥተን እንለቅማለን። እኔ ከተፈራ ጋር ተጋብቼ ወደዚህ አገር ስመጣ ከምላሴ በቀር የሚሠራ ነገር አልነበረኝም። ትዕግሥትም፣ ሰው መሸከምም፣ ሰው እንዲሸከመኝ መፍቀድም የተማርኩት እዚያ ነው።

ሕግ አለን፤ የዘገየ ጋን ያጥባል። ቀላል ነገር አይደለም! ጠላው ያለቀበትን ጋን ጓሮ አውጥቶ፣ ክንድን እስከ ብብት አስገብቶ፣ በግራዋ ቅጠል መፈተግ ነው። ማንም አያግዘውም። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ የሚያስፈጽመው ደግሞ ጋሽ ግርማ፣ የማኅበራችን ሙሴ፣ ዳኛችን ማለት ነው። ሀብታም የሚባለውም አጥቧል፣ ጋሽ ግርማ ራሱም አጥቧል። ሐይማኖት የምትባል ሆቴል ቤት የምትሠራ ልጅ አለች፤ ከአራስ ቤት በወጣች ሰሞን ዘግይታ መጣች። ሁሉም ሊምራት ሲል፣ «ሕፃኑን ለእኔ ስጪኝና ጋኑን ያዢ» አልኳት። እየተነፋረቀች አጠበችው። በኋላ ምን አለችኝ መሰላችሁ? «እትዬ፣ እስከዚያ ቀን ድረስ እንግዳ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።»

ተፈራ ያረፈው አምና ነው። ማኅበሩ ተሸክሞ ቀበረልኝ፣ ሰልስቱንም አርባውንም እንደ ወንድም እንደ እኅት አወጣልኝ። ተራዬ ሲደርስ «ሐዘን ላይ ናት፣ ይለፋት» ተባለ። ደግ አደረጉ፣ እግዜር ይስጣቸው። ዘንድሮ ሙት ዓመቱን አወጣሁ፣ ጥቁሬን አወለቅሁ፣ ተራዬም ዞሮ መጣ። ጌሾዬን ገዝቼ፣ ብቅሌን አስጥቼ ስጠብቅ ጽዋው በደጄ አልፎ ሌላ ሰው ቤት ገባ። እልልታውን በር ላይ ቆሜ ሰማሁት።

ጋሽ ግርማን ጠየቅሁት። «እርስዎ ይረፉ፤ ብቻዎን እንዴት ይችሉታል?» አለኝ።

እርስዎ! ይህ ሰውዬ እኮ ዕድሜ ልኩን «አንቺ ምላሳም» ሲለኝ የኖረ ነው። እሺ ብዬ ወጣሁ። እኔ እሺ ስል ታውቃላችሁ?

በሚቀጥለው ወር ሆነ ብዬ ቀረሁ። የዘገየ አንድ ጋን ከሆነ የቀረ ሁለት ጋን ነው ሕጉ። እስቲ ይምጡና ይቅጡኝ ብዬ ጠበቅሁ። አመሻሽ ላይ አንድ ሰው መጣ፤ ድርሻዬን ዳቦ በኮባ ቅጠል ጠቅልሎ አምጥቶ «እንኳን አደረሰዎ፣ እንዳይቸገሩ ብለን ነው» ብሎ ሄደ። ቅጣት እንኳ ነፈጉኝ። ያን ዳቦ መብላት አቃተኝ፤ መጣልም አይቻል፣ የተባረከ ነው። እያለቀስኩ ቆረስኩት።

ከዚያ የጋሽ ግርማ ማሾ ደረሰ። ማሾ ሲደርስ ጊዜ አይሰጥም። ፀሐይ ከጠነከረች ቅርፊቱ ይፈነዳና ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል፤ ስለዚህ በማለዳ ነው የሚለቀመው። ማኅበርተኛው ሁሉ እንደሚወጣ ከገበያ ሰማሁ። ሳይነጋ ተነሥቼ ያረጀ ቀሚሴን ለበስኩ፣ ራሴን ጠምጥሜ አሰርኩ፣ ቅርጫቴን ይዤ ደጄ ላይ ቁጭ አልኩ። ወደ ማሳው የሚወስደው መንገድ በደጄ ነው፤ መቼም ያቆማሉ አልኩ።

ሰው የጫነችው ፒክአፕ እየተዘፈነባት መጣች። ደጄ ስትደርስ ቀስ አለች። ጋሽ ግርማ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ፣ «እንደምን አደሩ እትዬ ንግሥት! ፀሐዩ ሳይበረታ ይግቡ እንጂ!» አለና አለፈ። ዘፈኑ እየራቀ እየራቀ ሄደ። እኔ ቅርጫቴን እንደታቀፍኩ ቀረሁ።

ፀሐይ ወጥታ እስክታቃጥለኝ እዚያው ነበርኩ። ጎረቤቴ ከዲጃ ከሽንኩርት ተራ ስትመለስ አገኘችኝ። እሷም ባሏ ከሞተ ቆይቷል። አጥራችን አንድ ነው፤ በእሱ ላይ ያልተነጋገርነው ነገር የለም።

«ወላሂ ንግሥት፣ ባዶ ቅርጫት ታቅፈሽ ምን ትሠሪያለሽ?»

ነገርኳት። ሁሉንም ነገርኳት። «ዐሥራ ስድስት ሲመጣ ሄጄ ከማኅበሩ አውጡኝ እላቸዋለሁ» አልኳት።

ከዲጃ የሽንኩርት ጆንያዋን መሬት አስቀመጠች። «የእኔ ሰውዬ የሞተ ጊዜ ዒዳዬን፣ የሐዘን ጊዜዬን ስጨርስ እናቴ መጥታ ጆንያ ሽንኩርት አሸከመችኝ። ያን ቀን ረገምኳት። አሁን አላህ ይዘንላት እላለሁ። አንቺ የሚያሸክምሽ ነው ያጣሽው። ግን ካልተናገርሽ በምን ይወቁ? ዝምታ አያምርብሽም፣ አልለመድንብሽም!»

«መናገሩንማ እናገራለሁ። ደህና ሁኑ ነው የምላቸው።»

«አንቺ ደረቅ» አለችና ጆንያዋን ተሸክማ ገባች።

ዐሥራ ስድስት ደረሰ፤ ተረኛዋ ሐይማኖት ነበረች። ነጭ ቀሚሴን ለበስኩ። ወጥቼ ተመለስኩ፣ እንደገና ወጥቼ እንደገና ተመለስኩ። ካለ እነሱ ማን አለኝ? ይህን እያወቅሁ ነበር ልሰናበት የምሄደው። ባጃጅ ይዤ ሐይማኖት የተከራየችበት ግቢ ስደርስ ጽዋው ዞሮ፣ ቄሱ ባርከው፣ ጨዋታው ደርቶ ነበር።

ስገባ ሁሉም ብድግ አለ። «ኖር! ኖር!»

«በእግዜር! ተቀመጡ።»

«ትራስ አምጡላቸው! እዚህ፣ ነፋሻው ጋ!» አለ ጋሽ ግርማ።

ትራስ! የማኅበሩ ትልቁ ሽማግሌ እንኳ ጠፍር አልጋ ላይ ተቀምጧል፤ ለእኔ ትራስ! ባጃጁ ውስጥ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ «ስላደረጋችሁልኝ ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ፣ ከእንግዲህ ግን» የሚል። አፌን ስከፍት ሌላ ነገር ወጣ።

«ጋሽ ግርማ፣ ዘግይቻለሁ አልዘገየሁም?»

«ኧረ ለእርስዎ ምን ችግር አለው፣ እንኳን መጡልን እንጂ!»

«መልስልኝ! ዘግይቻለሁ አልዘገየሁም?»

የመጣልኝን ትራስ ወደ ጎን ገፋሁት።

«ባለፈውም ቀርቻለሁ፤ ማን ቀጣኝ? ተራዬን ማን ወሰደው? ማሾ ልለቅም ቅርጫት ይዤ ደጅ ስጠብቅ ‹ይግቡ› ብላችሁኝ አለፋችሁ። ተፈራን ቀበራችሁልኝ፣ ውለታችሁን ኪዳነ ምሕረት ትክፈላችሁ። እኔን ግን ማን ቅበሩ አላችሁ? በቁሜ እኮ ነው የቀበራችሁኝ!»

ቄሱ መሬት መሬት ያያሉ። ጋሽ ግርማ ከንፈሩን ነክሶ ቀረ፤ አንዲት ሴትዮ «አይ፣ ሐዘኑ ነው» ብላ ስታንሾካሹክ ሰማሁ። አለቀልኝ አልኩ፤ አሁን ደግሞ እብድ ናት ብለው ያዝኑልኛል።

ሐይማኖት ወደ ጓዳ ገባች። ስትመለስ አንድ እቅፍ ግራዋ ይዛለች። ፊቴ መጥታ ቆመች።

«ይያዙ፣ እትዬ። አንደኛው ጋን አልቋል፣ ጓሮ ነው። ውኃውንም ራስዎ ይቅዱ።»

«አንቺ ልጅ፣ ምን ነካሽ? ነውር አይደለም?» አለቻት ያቺ ሴትዮ።

«ሕግ ነው» አለች ሐይማኖት። ዓይኗ እንባ ሞልቷል፣ ግራዋውን ግን እንደዘረጋች ነው። «ሕጉንም ያወጡት እሳቸው ናቸው።»

ተቀበልኳት። ነጠላዬን አውልቄ ሰጠኋትና ጓሮ ወጣሁ።

ውኃ ቀዳሁ፣ ጋኑን አጋደምኩ፣ እጅጌዬን ሰብስቤ ክንዴን አስገባሁ። ጉልበቴ ይጮኻል፣ ወገቤ ይቆረጣል። አጎንብሼ አለቀስኩ። ጋን ውስጥ ሲያለቅሱ ድምፁ ተመልሶ ይመጣል፤ ሌላ ሰው አብሮ የሚያለቅስ ይመስላል። በግድግዳው ማዶ ጨዋታቸው ይሰማኛል፤ እንደ ሕጉ ማንም ሊያግዘኝ አልመጣም። ከተፈራ ሞት ወዲህ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ስጨርስ ጋሽ ግርማ እንደ ዳኝነቱ ሊመረምር ወጣ። እጁን አስገብቶ ዳበሰ፣ አሸተተው።

«እዚህች ጋ ቀርቶሻል። ድገሚው፣ አንቺ ምላሳም።»

ቀና ብዬ አየሁት። እሱም ዓይኑን በጋቢው ጫፍ እየጠረገ ነበር። ክንዴን መልሼ አስገባሁና ደገምኩት።

በዚያ ቀን ጽዋው በነጠላ ተሸፍኖ፣ እልልታው አስፋልቱን ይዞ እኔ ቤት ገባ። ቄሱ «የከርሞ ሰው ይበለን» ብለው መረቁ። ሁሉም «አሜን» ብሎ ወጥቶ ሄደ።

ከዚያ ቤቱ ያው ቤቴ ሆነ። ዝንቡ አለ፣ መኪናው ያልፋል፣ በረንዳው ላይ ማንም የለም። እልልታ ካለፈ በኋላ ያለ ዝምታ ደግሞ ይብሳል። ጽዋውን መደርደሪያው ላይ አስቀምጬ ጓዳ ገባሁ። ትልቁ ጋናችን ከአምና ጀምሮ እንደተደፋ ነው። ሁልጊዜ አንዱን ወገን እኔ፣ ሌላውን ተፈራ ይዘን ነበር የምናወጣው። በእኔ በኩል ያዝኩና፣ «በል ያዝ» አልኩ።

ከአፌ ነው የወጣው፤ አላሰብኩትም። ጋኑን ይዤ ጠበቅሁ። ምን ያህል እንደጠበቅሁ እንጃ። ከዚያ ጋኑ ሥር ቁጭ አልኩ።

ባለፈው ወር ቢሆን እዚያው እቀር ነበር። አሁን ግን ጽዋው ቤቴ ነው፤ ወር ሲሞላ ያ ሁሉ ሰው ይመጣል። ፊቴን በግራዋ በሚሸት እጄ ጠረግሁና ተነሥቼ ወደ አጥሩ ሄድኩ።

«ከዲጃ! ነይ አንዱን ወገን ያዢልኝ!»

«ምኑን?»

«ጋን!»

«አስተግፊሩላህ! የጠላ ጋን?»

«ባዶ ነው!»

«ደግሞ ገና ወር አለሽ እኮ፣ ምን ያስቸኩልሻል?» ስትል ሰማኋት፤ ወዲያው ግን የቆርቆሮ በሯ ተከፈተ። እጅጌዋን እየሰበሰበች መጣች። «ባዶውን እይዛለሁ። ሲሞላ ጋሽ ግርማሽን ጥሪ፤ እኔን ከጠላችሁ ጋር አታነካኪኝ።»

ጓዳ ገባን። ከዲጃ ተፈራ በሚይዝበት በኩል ያዘች።

«ይከብዳል እኮ፣ ንግሥት» አለች።

«አዎ፣ ይከብዳል» አልኳትና አነሣነው።