የምሥራቁ ግድግዳ

ዌስት ሴንት ፖል ያለውን የጡብ ሕንፃ የሸጡት የስዊድን ስደተኞች የልጅ ልጆች ነበሩ። ከመቶ ዓመት በላይ ጸልየውበት፣ ቁጥራቸው ተመናምኖ ሃያ ሽማግሌዎች ሲቀሩ ለቀቁት። የገዙት ሀበሾችም ቤተ ክርስቲያናቸው ሊያደርጉት ነው። ታቦቱ ከመግባቱ በፊት የምሥራቁ ግድግዳ ሥዕል እንዲያልቅ የቤተ ክርስቲያኑ ኮሚቴ ሥራውን ለሐብተማርያም ሰጠው። ሐብተማርያም አገር ቤት ሃያ ዓመት ሙሉ አሮጌ አብያተ ክርስቲያናትን ሲጠግን የኖረ አርክቴክት ነው፤ ሥዕልም ያውቃል። ሚኒሶታ ከመጣ ወዲህ ግን እንጀራው የሰው ኩሽና ዕድሳት ፕላን መንደፍ ነው።

ግድግዳውን ሊለካ መሰላል ላይ ወጥቶ የመቶ ዓመቱን ጥላሸት በለስላሳ ብሩሽ ጠረግ ሲያደርገው ከሥሩ ሰማያዊ ብቅ አለ። ጠረገና ጠረገና ሐይቅ አገኘ፤ ዳሩን ግንዳቸው የነጣ ዛፎች፣ መኻሉ ላይ ስድስት ልጆቿን ያስከተለች ዳክዬ። አንገቷ ከመርዘሙ የተነሣ ዝይ መስላለች። የሣላት ሰው ሠዓሊ አልነበረም፤ አናጢ ወይም ገበሬ ሳይሆን አይቀርም። ሐብተማርያም መሰላሉ ላይ እንደ ቆመ ብቻውን ሣቀ። ከዚያ፣ ይህን ሁሉ በነጭ ቀለም ሊሸፍን የመጣው እርሱ መሆኑ ትዝ አለውና ሣቁ ጠፋ።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ቦጋለ ሻኮፒ ከተማ መጋዘን ውስጥ ሲሠራ ውሎ፣ የሥራ መታወቂያውን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ መጣ።

«ጋሼ፣ ቀለሙ መቼ ይገዛ?»

«ግድግዳው ላይ ባልሥለውስ? ጨርቅ ፍሬም ላይ ወጥሬ ልሣልና፣ ከግድግዳው ጣት ያህል ፈቀቅ አድርጌ ላቁመው።»

ቦጋለ ቀና ብሎ አየ። «ለዚህች ዳክዬ ብለው ነው?»

«ለልጆቿም።»

ቦጋለ አልሣቀም። «ጋሼ፣ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሰው ቤት ተከራይተን ቀደስን። አራት ሰዓት ላይ ባለቤቶቹ ይመጣሉ እየተባለ መጋረጃ አውርደን፣ ሥዕል ጠቅልለን፣ ከበሮ ሚኒቫን ላይ ጭነን። እናቴ መጋረጃ እንዳጠፈች ነው ያረፈችው። አሁን ደግሞ በገዛ ቤታችን ተነቃይ ሥዕል? ኮሚቴው ሚቲንግ አድርጎ ወስኗል፤ ፐርማነንት ነገር ነው የምንፈልገው። እርስዎ ካልሆነልዎት ከአትላንታ ሠዓሊ እናመጣለን። እርሱ ዳክዬ አያይም፤ የቀለም ሮለሩን ይዞ ነው የሚገባው።»

ሐብተማርያም ወደ ሰማያዊው ሐይቅ ዞረ። ሰውየው እውነቱን ነው። ግን ያ ሮለር አንዴ ካለፈ ሐይቁ አይመለስም።

ሌላ መንገድ አልጠፋውም። የድሮ ሠዓሊዎች አቡጀዲ ላይ ሥለው ግድግዳ ላይ ይለጥፉ ነበር። የሚፈራው ግን ይህንኑ መንገድ ነው። የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ሳለ አንድ የጎጃም ደብር ሄዶ፣ ያረጀ የተለጠፈ አቡጀዲ እንዲያነሣ ታዘዘ። ለብ ባለ ውኃ አራሰው፤ ጨርቁ እሺ ብሎ ተላቀቀ። ከሥሩ ማንም የማያውቀው የቀደመ ሥዕል ነበረ፤ እርሱም አብሮ ሟሙቶ በክንዱ ላይ ወረደ። አንድ የፈረስ ዓይን ብቻ ቀረ። ሪፖርቱ ላይ «በእርጥበት የተጎዳ» ብሎ ጻፈ፤ እስከ ዛሬ ለሰው አልተናገረም።

አሁን ለቦጋለ ነገረው፤ የፈረሱን ዓይን ሳይቀር።

ቦጋለ ወደ መሰላሉ ጠጋ አለ። «ይኼስ ይሟሟል?»

«አላውቅም። በዘይት ቀለም ሠርተውት ከሆነ አይሟሟም። ከሟሟ የአትላንታውን ሰው ጥራ፤ እኔ እጄን አላነሣበትም።»

ጥጥ ለብ ባለ ውኃ ነክሮ የሐይቁ ጥግ ላይ ለጠፈና በልቡ እስከ መቶ ቆጠረ። ሲያነሣው ጥጡ ጠቁሯል።

«ወረደ» አለ ቦጋለ፤ ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር።

ሐብተማርያም ሁለተኛ ጥጥ ለጠፈ፤ ዐመድማ ሆኖ ተነሣ። ሦስተኛው እንደ ገባ ነጭ ሆኖ ወጣ። ግድግዳው ላይ መዳፍ የምታህል ሰማያዊ ቦታ ስታበራ ቀረች።

«ጥላሸቱ ነው የወረደው» አለ ሐብተማርያም፤ መሰላሉ ላይ ተቀመጠ። «እንግዲህ አቡጀዲ ላይ እሥልና በስንዴ ዱቄት ሙጫ እለጥፍልሃለሁ። ከግድግዳው ጋር አንድ ይሆናል። ግን እንዳልዋሽህ፣ በለብ ውኃ ይነቀላል።»

«ለመንቀል ስንት ቀን ይፈጃል?»

«ለሚጠነቀቅ ሰው ሁለት ሳምንት።»

ቦጋለ አሰበበት። «ይሁን። የሚያስወጣን ሰው ሁለት ሳምንት ውኃ ሲያሞቅ አይከርምም።»

በጥቅምት ሥዕሉ አለቀ። ምድር ቤት ባለው አዳራሽ ጠረጴዛዎች ገጥመው አቡጀዲውን በፊቱ አስተኙት። ሐብተማርያም ሙጫ ከመቀባቱ በፊት እርሳስ አወጣና ጀርባው ጥግ ላይ ጻፈ፦ «ይህን ለምታነሣ ሰው። ለብ ያለ ውኃ ተጠቀም። አትቸኩል። ከሥሩ የሌሎች ሰዎች ሥዕል አለ።»

ቦጋለ ጎንበስ ብሎ አነበበው። ቀና ሲል ፊቱ ተለውጧል።

«ያ ሰው አማርኛ ባይችልስ፣ ጋሼ?»

ሐብተማርያም ይህን አላሰበውም ነበር። ቦጋለ ግን ዐሥራ አራት ዓመት የሆናትን ልጁን ሶሲን ከደረጃው ላይ ጠራት። እርሷም ስልኳን ኪሷ ከትታ፣ አባቷ እያነበበላት በእንግሊዝኛ ጻፈች። አንድ ቦታ ላይ ቆማ፣ «‹አትቸኩል› ቀስ በል ማለት ነው አይደል?» ብላ ጠየቀች።

«እርሱም ይሆናል» አላት ሐብተማርያም።

ቦጋለ አማርኛው ከእንግሊዝኛው በላይ መሆኑን አየና የሙጫውን ባልዲ አነሣ።