ማክሰኞ የተጾመ ጾም

«እስቲ ጨምሪልኝ ማራኪ፤ የዛሬው ፍርፍር እጅ ያስቆረጥማል» አሉ ጋሽ ሲላስ ሳህናቸውን ገፋ አድርገው።

ማራኪ ጨመረችላቸው። ሆሳዕና መናኸሪያ በር ላይ ያለችው ቁርስ ቤቷ ጠዋት ጠዋት መግቢያ መውጫ የላትም፤ ሹፌሩም ረዳቱም ተሳፋሪውም እኩል ይጠራታል። ዛሬ ግን ጆሮዋ እሳቸው ጋ ብቻ ነበር። ጋሽ ሲላስ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። ከዚያም በላይ ፓርቲያቸው ከዚህ አካባቢ ለፓርላማ የሚያቀርበውን እጩ ከሚመርጡት ሦስት ሰዎች አንዱ ናቸው። ለእጩነት ከታሰቡት መካከል ደግሞ የማራኪ የልብ ጓደኛ ርብቃ አለችበት።

«ለመሆኑ የርብቃ ነገር እንዴት ሆነ ጋሼ?»

«ርብቃን እኔ እንደ ልጄ ነው የማያት» አሉ ጉርሻቸውን ዋጥ አድርገው። «የልጅ ልጄን ያዋለደችው እሷ አይደለች? እንደ እሷ የሚሠራ፣ እንደ እሷ ሰው ፊት ቆሞ የሚናገር የለንም።»

«ታዲያ ምን ቀረ?»

«በእኔ በኩል ምንም የለም። ሌሎች ናቸው እንጂ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የሸክላ ሠሪ ልጅ ናታ። ሰው አይመርጣትም። እሷን አቅርበን ወንበሩን ብናጣ ማን ይጠየቃል?»

ማራኪ ይህን ወሬ ሰሞኑን እስኪሰለቻት ሰምታዋለች። ሁለተኛው መራጭ መምህር አጵሎስ ብለዋታል፤ ሦስተኛው አቶ ዮሴፍም ብለዋታል። ሁሉም ርብቃን ይወዳሉ፣ ሁሉም ምንም የለባቸውም። የማይወዷት እነዚያ «ሌሎች» የሚባሉት ናቸው። እነሱን ደግሞ አንድም ቀን ቁርስ ቤቷ ገብተው አይታቸው አታውቅም። ብሽቅ አለች፤ ቢሆንም ሻያቸውን ቀዳችላቸው።

ወጉ እንዲህ ነው፦ መራጮቹ የእያንዳንዱን እጩ ቤት ይጠይቃሉ፣ ከቤተሰቡ ጋር ይጫወታሉ፣ የቀረበላቸውን ይቀምሳሉ። ሳይቀምሱ የወጡበት ቤት ልጅ ስሙ ማታ እጩ በሚመረጥበት ስብሰባ ላይ አይነሣም። የትም አልተጻፈም፣ ግን ሁሉም ያውቀዋል። ዛሬ ተራው የርብቃ ነበር። ርብቃ የጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ሌሞ ወረዳ ውስጥ ከእናቷ ከእትዬ ውቢት ጋር ትኖራለች። እትዬ ውቢት ሸክላ ሠርተው ነው ያስተማሯት። ድሮ ሰው ሸክላ ሠሪዎችን ቤቱ አያስገባም፣ ከቤታቸውም ውሃ አይጠጣም ነበር። ድሮ ቀረ ይባላል።

ማራኪ ቁርስ ቤቱን ለሠራተኛዋ ትታ በባጃጅ ስትደርስ፣ እትዬ ውቢት ለክብር እንግዳ የሚቀርበውን አታካና ሠርተው ጨርሰው ነበር። ቡላው በቅቤና በአይብ ታሽቶ ሽታው ደጅ ድረስ ይቀበላል። ለመስቀል እንኳ እንዲህ ያለ ቅቤ አውጥተው አያውቁም። ከጎኑ ከገበያ የተገዙ አዳዲስ ሳህኖች ተደርድረዋል፤ የአንዱ ዋጋ ከሥሩ አልተላጠም።

«እትዬ፣ ቤቱ ሙሉ በእጅዎ የሠሩት የሸክላ ጣባ እያለ ሳህን ይገዛሉ?»

«ይጠየፉታል ልጄ» አሉ፣ ዝናብ ሊመጣ ነው እንደማለት አድርገው። «አዲስ መሆኑን ሲያዩ ይበሉ ይሆናል።»

ማራኪ ዋጋውን ከሳህኑ ሥር በጥፍሯ ላጠችው። ከዚያ ወደ ርብቃ ዞረች።

«ዛሬ እባክሽ አፍሽን ሰብስቢ» አለቻት ርብቃ ነጠላዋን እያስተካከለች። «ፓርላማ ከገባሁ መጀመሪያ የማስወጣው ሕግ አንቺን ዝም የሚያሰኝ ነው።»

ሦስቱ ሰዎች መጡ። ጨዋታው ጥሩ ነበር፤ ስለ መንገዱ፣ ስለ መድኃኒት እጥረቱ ርብቃን ጠየቋት፣ አንድ በአንድ መለሰችላቸው። መምህር አጵሎስ ደጋግመው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ እትዬ ውቢት በአዳዲሶቹ ሳህኖች ምግቡን ይዘው ገቡ።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አሉ ጋሽ ሲላስ፣ ሳህኑን ሳይነኩ። «ምን ዋጋ አለው፣ ዛሬ ጾም ጸሎት ላይ ነኝ።»

«እኔም» አሉ መምህር አጵሎስ ቶሎ ብለው።

አቶ ዮሴፍ ካቶሊክ ናቸው፤ የሚጾሙት ረቡዕና ዓርብ ነው። አንዴ ሲላስን፣ አንዴ አጵሎስን አዩ። «እኔም ይዣለሁ» አሉ፣ በማክሰኞ ምድር።

የእትዬ ውቢት እጅ ከነሳህኑ አየር ላይ ቀረ። ርብቃ አቀረቀረች። «ይሁን እማዬ፣ አንሺው» አለች።

ጋሽ ሲላስ ጠዋት የበሉት ፍርፍር ማራኪ ምላስ ላይ መጣ። አንድ ቃል ብትናገር ጋሽ ሲላስ ያፍራሉ። ካፈሩ ተነሥተው ይሄዳሉ፤ ከሄዱ የርብቃም ነገር አበቃ። ዋጠችው።

«ጾሙ እስከ ስንት ሰዓት ነው ጋሼ?»

«እስከ... ዘጠኝ።»

«ጥሩ፤ እንጠብቃለና።»

ሳህኖቹን ሰብስባ ጓዳ ገባች። ስትመለስ የእትዬ ውቢትን ትልቁን ጣባ ይዛለች፤ አታካናውን በሙሉ እሱ ላይ ገልብጣዋለች። መሐል ላይ አስቀመጠችው፣ ማንኪያዎቹን ዙሪያውን ደረደረች፣ ከዚያ ፊት ለፊታቸው ቁጭ አለች።

«ዘጠኝ ሲሆን ሁላችንም ከአንድ እንበላለን። እስከዚያ እንጫወት። ጋሼ፣ እነዚያ ሌሎች የሚሏቸው ሰዎች ግን የት ነው የሚኖሩት? ርብቃ ሄዳ ታነጋግራቸው።»

መምህር አጵሎስ ሳሉ። ጋሽ ሲላስ ጣባውን አዩ፤ የእትዬ ውቢትን በጭቃ ሥራ የተሰነጣጠቁ ጣቶች አዩ፤ የልጅ ልጃቸውን የተቀበለችበትን የርብቃን እጅም አዩ። መጨረሻ ላይ ማራኪን አዩ፤ ቶሎ ዓይናቸውን አሸሹ።

ከዚያ የእጅ ሰዓታቸውን ወደ ጆሯቸው አስጠጉ።

«ይህ ሰዓት ወደ ኋላ እየቀረ አስቸገረኝ» አሉ። «ዘጠኝ ሳይሆን አይቀርም።»

ገና ሰባት አልሞላም። ኮታቸውን አውልቀው ለመታጠብ ወጡ፤ ማራኪ ማስታጠቢያውን ይዛ ተከተለቻቸው።

«ማራኪ» አሉ ውሃው እየፈሰሰ፣ ድምፃቸውን ቀንሰው፣ «የጠዋቱን ነገር...»

«የቱን ነገር ጋሼ?»

ቀና ብለው አዩዋት። «ማታ ስሟን የማነሣው እኔ ነኝ» አሉ።

ሲመለሱ መምህር አጵሎስም እጃቸውን ሊታጠቡ ተነሥተዋል። አቶ ዮሴፍ ከወንበራቸው አልተነቃነቁም፤ እንደ ጾሙ ነው የዋሉት። እትዬ ውቢት ደግሞ እንደ ልማዳቸው እንግዶቹ እስኪበሉ ጓዳ ሊገቡ ሲሉ ጋሽ ሲላስ ጠሯቸው፤ አግዳሚው ላይ ወደ ግድግዳው ተጠጉና ከጎናቸው ቦታ ለቀቁላቸው።