የአዳዳ ድርቤ የአሥራት ደረሰኞች

አዳዳ ድርቤ አክሲዮኗን ልትሸጥ ነው ተብሎ ቤታችን የሠርግ ዋዜማ መስሏል። አዳዳ የአባቴ እኅት ናት፤ እኔ ሊሊሴና ወንድሜ ሮብሳን ነቀምቴ፣ በከኒሳ ቀሴ ሰፈር፣ ከእሷ ጋር ነው የምንኖረው። የአንድ ባንክ መቶ አክሲዮን አላት። ምን ያህል እንደሚያስገኝ ሲጠይቋት «ምን ይሰጣል እሱ! የስኳር መግዣ!» ትላለች። ስፌት ማሽን ግዢልኝ ብዬ ሦስት ዓመት ለመንኳት፤ መልሷ ያው ስኳር ነው። ከሰባተኛ ክፍል ካቋረጥኩ ወዲህ የሰፈሩን ሱሪ ሁሉ በእጄ እየጠቀምኩ ጣቴ ወንፊት ሆኗል።

ሮብሳን ግን ዩኒቨርሲቲ ጨርሷል። ሥራ የለውም፣ ኤክሴል አለው። የአምስት ዓመት የአክሲዮን ዋጋ ከደላሎች ለቃቅሞ ሞላበትና «ሲግናል ሠራሁ» አለ። ሲግናሉ በየዓመቱ ኅዳር ላይ «ሽጥ»፣ ታኅሣሥ ላይ «ግዛ» ይላል። ከባንኩ ጠቅላላ ጉባኤ በኋላ ዋጋው ሁሌ ይወድቃላ።

«ወደ ኋላ ሄጄ ፈትኜዋለሁ፣ አዳዳ። በየዓመቱ ኅዳር ሸጠሽ ታኅሣሥ መልሰሽ ብትገዢ ኖሮ፣ አክሲዮኑም እጅሽ ላይ፣ መቶ ሺህ ብርም ኪስሽ ውስጥ ነበር።»

«ያ ዋቀዮ! መቶ ሺህ!»

«ከዘንድሮው ደግሞ ለሊሊሴ ማሽኗን እንገዛላታለን።»

እዚህ ላይ እኔም ተሸጥኩ። ስሌቱ አልገባኝም፤ ማሽኑ ግን ገብቶኛል።

ገዢው ጋሽ ጫንያለው ከጠዋት ጀምሮ ሶፋችን ላይ ነው፤ ውሉን ጭኑ ላይ ዘርግቷል፣ ሻዩን አልነካም። ጉባኤው ቅዳሜ ስለሆነ ስሙ ዛሬውኑ መዛወር አለበት ይላል።

«ምን አጣደፈህ፣ ጋሽዬ? አክሲዮን እግር የለው» አልኩት።

«አንቺ ልጅ፣ አፍሽን ስፊው!»

«በምን ማሽን?»

«ኢንተሎ፣ አንቺ ልጅት፣ አርፈሽ ሰርተፍኬቱን አምጪ!» አለች አዳዳ። «መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ ነው።»

ሄጄ ገለጥኩት። ሰርተፍኬቱን ስስብ የቤተ ክርስቲያን ደረሰኞች ዱብ ዱብ አሉ። አምስት ናቸው፣ ሁሉም የታኅሣሥ። የ2013ቱ ሁለት ሺህ አንድ መቶ ብር። ያለፈው ዓመት ሦስት ሺህ! ጀርባቸው ላይ በአዳዳ እጅ «የአክሲዮን ትርፍ አሥራት» ተጽፏል።

አሥራት ከአሥር አንድ ነው፤ ይህን ለማወቅ ሰባተኛ ክፍል ይበቃል። አዳዳ እኛን ትዋሻለች፣ እግዜርን ግን በሳንቲም አትሸውድም።

ሁሉንም ከነመጽሐፍ ቅዱሱ ይዤ ሮጬ ሳሎን ገባሁ። «ሮቤ፣ ይቺን ሠላሳ ሺህ ኤክሴልህ ላይ የት ጻፍካት?»

«የቷን?»

ደረሰኞቹን ጠረጴዛው ላይ በተንኳቸው። አዳዳ ልትሸፍናቸው ዘለለች፤ ዘገየች። ሮብሳን አንዱን አንስቶ ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ።

«አዳዳ... ምንም አይሰጥም አላልሽኝም?»

«እውነቱን ብናገር ዘመድ ሁሉ ለብድር ይሰለፋላ! አንተን ጨምሮ!»

«እኔ እኮ የትርፍ ድርሻውን ዜሮ ብዬ ነው የሞላሁት!»

አምስቱንም በአሥር አባዝቶ አስገባ። ትርፉን የሚወስደው በጉባኤው ዕለት አክሲዮኑ በስሙ ያለ ሰው ነው። ዋጋው የሚወድቀውም የዓመቱ ትርፍ ተከፋፍሎ ስለሚያልቅ ነው። በየኅዳሩ ሸጣ ቢሆን ኖሮ አዳዳ ከአምስቱ አንዱንም አታገኝም ነበር። አረንጓዴው መቶ ሺህ ዓይናችን እያየ ቀይ ሆነ፦ ሃያ ዘጠኝ ሺህ ብር ኪሳራ።

ከዚያ ሁላችንም ወደ ጋሽ ጫንያለው ዞርን። አሁን ነው ሻዩን ያነሳው።

«ታውቅ ነበር?» አለች አዳዳ።

«እትዬ ድርቤ፣ እኔ ኅዳር ኅዳር ብቻ የምገዛው ለምን ይመስልሻል?» ሻዩን ጨልጦ ውሉን አጠፈና ወጣ።

አዳዳ ሰርተፍኬቱን ደረቷ ላይ ለጥፋ በሩን ታያለች። ሮብሳን ደግሞ አፉን ከፍቶ እሷን ያያል።

«ሠላሳ ሺህ፣ አዳዳ? እኔ የካርድ ብር ስለምንሽ...»

ቀደምኩት። «አዳዳዬ፣ ያ ሁሉ ስኳር ያማል። ማሽኑ አሥራ ስምንት ሺህ ነው።»

ደረሰኞቹን አንድ በአንድ ለቀመች። መጽሐፍ ቅዱሷን ከእጄ መነጨቀችኝ።

«ታኅሣሥ» አለች ጥርሷን ነክሳ። «ለአንድ ዘመድ ትንፍሽ ትዪና ግን፣ ማሽኑን ሕልም ላይ ነው የምታዪው!»