መጀመሪያ የት ሄድክ?

«ጋሽ አረጋዊ፣ እንዳይነኩት!»

ወይኒ ከብየዳ ቤቱ ደጃፍ ሆና ጮኸች። ዘይኑ የተገለበጠ የቀለም ጣሳ ላይ ተቀምጦ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሏል። አረጋዊ የግራ ዓይኑን በሁለት ጣታቸው ፈልቅቀው፣ ጫፉ ላይ ጥጥ የተጠቀለለበት የክብሪት እንጨት ይዘው ጎንበስ ብለዋል። የሥራ ባልደረባው ጠልሐ የስልኩን መብራት ያበራላቸዋል።

«ምነው እትዬ ወይኒ፣ በድንጋጤ ሊገድሉኝ ነው?» አለ ዘይኑ አንገቱን ሳያቀና። «ብረት ስቆርጥ ከግራይንደሩ የዘለለች ብናኝ ናት። አሁን ትወጣለች።»

በዚያ የቂርቆስ መንደር ዓይኑ ውስጥ ብረት የገባበት በያጅ ሁሉ የሚሮጠው ወደ አረጋዊ ነው። ድሮ እሳቸውም በያጅ ነበሩ፤ አሁን ጎረቤት ባለችው ሱቃቸው ቁልፍና ማጠፊያ ይሸጣሉ። እጃቸው ቀላል ነው ይባልላቸዋል።

ወይኒ የመጣችው በሯን ለማየት ነበር። ባሏ ሃይለአብ ቤቱን አድሶ ሲጨርስ የቀረው የውጭ በሩ ብቻ ነበር፤ ከዚያ በሩ ሳይሠራ እንዲሁ ቀረ። በበሩ ቦታ አንድ ላሜራ በድንጋይ ተደግፎ ከቆመ ዓመት አለፈው። በቅርቡ አንድ ጠዋት ተነሥታ ለዘይኑ አዘዘችው፤ ዛሬ ማታ ሊገጥምላት ቃል ገብቷል።

ካዛንቺስ ባለው መሥሪያ ቤቷ፣ ከየክልሉ ሆስፒታሎች የሚመጣውን የዓይን ጉዳት መረጃ የምታጠናቅረው እሷ ናት። ነገ ኡራኤል አካባቢ ባለ አዳራሽ ለሐኪሞች ታቀርበዋለች። ገጠር ውስጥ እሾህና የእንጨት ፍንጣሪ፣ ከተማ ውስጥ ብረት ይበዛል። ግንባታው በጨመረ ቁጥር የከተማው ጉዳት ከዓመት ዓመት ሽቅብ ይወጣል፤ አብዛኞቹም ወጣት ወንዶች ናቸው። እሷን የሚከነክናት ግን ሌላ ነው። ብዙዎቹ ዓይናቸውን ያጡት ጉዳቱ ከብዶ ሳይሆን ዘግይተው በመምጣታቸው ነው። «መጀመሪያ የት ሄድክ?» ሲባሉ መልሳቸው ይመሳሰላል፤ ጎረቤት ነካካልኝ።

«ዘይኑ፣ ተነስ ሐኪም ቤት እንሂድ» አለችው።

«በምን ጊዜዬ? የበርዎ ማጠፊያ አልተበየደ፣ ቀለሙ አልተቀባ። ማታ እገጥማለሁ ብያለሁ እኮ፣ ወላሂ!»

«በሩ ይቆይ።»

«ይቆይ?» ጠልሐ ሳቀ። «ትናንት ‹ነገ ካልደረሰ አልቀበልህም› ብለውት አልነበር?»

«በዚህች አገር በዓመት ስንት ሰው በእንዲህ ያለ ነገር ዓይኑን እንደሚያጣ ብታውቁ…»

«እሱ የአገር ነው» አላት ዘይኑ። «የእኔ አንዲት ብናኝ ናት።»

ወይኒ ቁጥሯ እዚህ እንደማይሠራ ገባት። ወደ ሽማግሌው ዞረች።

«ብናኟ የት ጋ ናት፣ ጋሽ አረጋዊ? ነጩ ላይ ናት ጥቁሩ ላይ?»

አረጋዊ ቀረብ ብለው አዩ። «ጥቁሩ ላይ» አሉ ቀስ ብለው። «ተሰክታለች።»

«እጅዎስ?»

ጥያቄው ካፏ እንደወጣ ጸጸታት። የእንጨቱ ጫፍ ይንቀጠቀጥ ነበር። መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ ደፍሮ የነገራቸው ግን የለም። ጠልሐ አንገቱን ደፍቶ መብራቱን አጠፋ።

አረጋዊ እንጨቱን ኪሳቸው ከተቱ። «ተነስ» አሉት ዘይኑን።

«ኧረ ጋሼ!»

«ጋሼ እያልክ አትለማመጠኝ! አንድ ነገር ብትሆን ሚስትህ ሳዲያ የምታፈጥጠው በእኔ ላይ ነው። ሂድ!»

ዘይኑ ከወይኒ ጋር ሄደ።

የዓይን ሐኪሟ ብናኟን በጥንቃቄ አንስታ ዓይኑን ሸፈነችለት። «ሳይነካካ መምጣትህ በጀህ» አለችው። ዓይኑ ይድናል፤ እስኪሻለው ግን ብየዳ የለም።

ከሰዓት በኋላ አብረው ሲመለሱ አረጋዊ ሱቃቸው ደጃፍ ቆመው ይጠብቁ ነበር።

«ያያል?»

«ያያል» አለቻቸው ወይኒ።

አማተቡ። ቀጥለውም እንደ ቀልድ፣ «እንግዲህ ክብሪቴን ልጣለው?» አሉ።

ወይኒ ለነገ ባዘጋጀችው ጽሑፍ እንዲህ ያሉትን ሰዎች «ያልሠለጠኑ ግለሰቦች» ብላቸው ነበር። ፊታቸውን እያየች ቃሉን ልትደግመው አልቻለችም።

«ሰዉ ነገም መጀመሪያ ወደ እርስዎ ነው የሚመጣው» አለች። «ዘይኑ በእኔ ቃል ሄደ? እርስዎ ሂድ ስላሉት ነው። ነገ ከእኔ ጋር ይምጡና ይህንኑ ለሐኪሞቹ ይንገሩልኝ።»

«እኔ? ለሐኪም?»

«የሠርግዎ ኮት አለልዎት አይደል ጋሼ!» አለ ጠልሐ።

«ዝም በል አንተ!» አሉት። ግን ኮታቸውን እያሰቡ እንደነበር ያስታውቃል።

ዘይኑ የብየዳ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተደገፈውን በር በአንድ ዓይኑ ተመለከተ። «ጠልሐ ይጨርስልዎት፣ እትዬ ወይኒ። እስከመቼ ያለ በር ያድራሉ?»

«አንተው ትጨርሰዋለህ፣ ሲሻልህ» አለች። «ላሜራዬን ለምጄዋለሁ።»

በሩን በመዳፏ ዳበስ አድርጋ ሄደች። ቀለል ብሏታል። መንገድ ላይ ለአለቃዋ ደወለች፤ ነገ መድረኩን የምትከፍተው እሷ እንዳልሆነች ነገረችው።

«ታዲያ ማን ሊከፍት ነው?» አላት።

«በያጆቹ መጀመሪያ የሚሄዱባቸው ሰው» አለችው።