የሳሙና የመጨረሻ ሩብ ሰዓት

ድሬዳዋ ውስጥ የሳሙና ሜዳ ከፈረሰ ቆይቷል፤ በሩ ግን እሁድ እሁድ ይከፈታል።

ሜዳው በነበረበት ቦታ ላይ አሁን የዕቃ መጋዘን ቆሟል። እሁድ ፀሐይ በረድ ስትል በመጋዘኑ ግንብ ላይ አረንጓዴው የብረት በር ይወጣል። በረኛው ኦብሳ ከውስጥ ይከፍትና «በሉ ግቡ፣ አትጋፉ» ይላል። ኦብሳን የቀበርነው እኛው ስለሆንን መጀመሪያ አካባቢ ዓይኑን ለማየት እናፍር ነበር። አሁን ለምደነዋል።

ለማያውቅ ላስረዳ። ሳሙና ማለት የሳሙና ፋብሪካው ቡድን ነው። አቦ፣ እሱን የመሰለ ቡድን ድሬ ላይ አልታየም፤ የሚከራከረኝ ካለ ይምጣ! ማልያቸው ቢጫ ነበር፤ በፋብሪካው ሳሙና እየታጠበ ዓመቱ ሲያልቅ ነጭ ይሆናል። እኛም «እጠባቸው!» እያልን እንጮሃለን። የመግቢያ ገንዘብ የሌለው ኒም ዛፍ ላይ ይወጣል፣ ወይም በሩ ሥር ተቀምጦ ጨዋታውን በጩኸቱ ይከታተላል። ሊያልቅ ሩብ ሰዓት ሲቀረው በሩ ለሁሉም ይከፈታል። ደንቡ ይኸው ነው። እኔ በወጣትነቴ የኳስ መጨረሻውን ብቻ ነው ያየሁት፤ የመጀመሪያ አጋማሽ የሚባለውን ሰው ሲያወራ እሰማለሁ እንጂ አላውቀውም።

ዛሬም በሩ ሲከፈት ውስጥ ያለው ጨዋታ ያው አንዱ ነው፤ በ1969 ከአዲስ አበባ ከመጡት ጋር የተደረገው። አንድ ለዜሮ እየተመራን መሸ፣ መብራት የለም፣ ዳኛው አቋረጠውና «ሌላ ቀን ይቀጥላል» ተባለ። ሳይቀጥል ጦርነቱ ገባ። ታላቅ ወንድሜ ረመዳን በዚያው ክረምት ሞተ።

ረመዳን እሁድ እሁድ ደረጃው ላይ ሽርጡን ሰብስቦ ሎዝ እየፈለፈለ አገኘዋለሁ።

«የት ቆየህ?» ይለኛል።

«በር ላይ።»

«ፀጉርህን ምን ነካው?»

«አቧራ ነው።»

«እማዬ እንዳታይህ፣ ትጮህብሃለች» ይልና ሎዙን ያካፍለኛል። በዕድሜ አሁን አባቱ እሆናለሁ፤ ግን ታላቄ እሱ ነው፣ ውሃ አምጣ ሲለኝ ሄጄ አመጣለሁ። ከሳምንቱ ቀናት ሁሉ የምኖርበት ቀን ይሄ ነው።

ሲጨልም ጨዋታው ይቋረጣል፤ እኛ ኮብልስቶኑ ላይ፣ ከመጋዘኑ ግንብ ፊት ለፊት ቆመን እንገኛለን። ይዤው ልወጣ ሞክሬ አውቃለሁ። «ና እንሂድ» ስለው «ሳያልቅ?» አለኝና እንደ እብድ አየኝ። እኛ ቤት ሳሙና እየተጫወተ ተነስቶ የሚወጣ ሰው አልተወለደም።

አንድ እሁድ ዳኛው ሊያርፍ ወደ ደረጃው ቀረብ አለ። ጭንቅላቱ ላይ ውሃ እያፈሰሰ እንዲህ አለን፦

«ሳሙና አንድ ካገባ ፊሽካዬን ነፍቼ እገላገላለሁ። ስንት ዓመት ሙሉ እሮጣለሁ? ሰው አይደለሁም እንዴ?»

ጨዋታው አለቀ ማለት በሩ ሁለተኛ አይከፈትም ማለት ነው፤ ረመዳንን እንደገና መቅበር ነው። ከውጭ የምንገባው ሁላችንም እንደዚያ ነው የገባን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳሙና እንዳያገባ ዱዓ ማድረግ ጀመርኩ። ወላሂ፣ ይሄን ከአፌ ማውጣት ራሱ ያመኛል! አጥቂያችን ዮኒስ ሲስት ሰው ሁሉ ጭንቅላቱን ይይዛል፤ እኔ በሆዴ አልሐምዱሊላህ እላለሁ።

አብሮኝ የሚገባው ጓደኛዬ ጉልላት፣ የፋብሪካው ጡረተኛ፣ ነቃብኝ። እሱ ውስጥ ዘመድ የለውም፤ ያለው ቡድኑ ብቻ ነው።

«አንተ፣ አፍህን ታንቀሳቅሳለህ እንጂ አትዘምርም» አለኝ።

«ጉሮሮዬን አሞኝ ነው።»

«ውሸታም! ወንድምህን ልታቆይ ነው።»

«አዎ። ምን ይጠበስ?»

«እስቲ ዮኒስን እየው» አለኝ።

አየሁት። እግሩን ሸምቅቆት መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ሰው እንዳያየው ፊቱን በማልያው ሸፍኖ ያለቅሳል። ያን ሳምንት ከጉልላት ጋር ተኳርፈን ለየብቻችን ቃምን።

ባለፈው እሁድ ሊጨልም ሲል የአዲስ አበባዎቹ ተከላካይ ኳሷን ወደ ደረጃው ጠለዛት። ነጥራ መጥታ ጭኔ ላይ አረፈች። ያኔ ሌላ ኳስ የለም፤ እሷ ካልተመለሰች ጨዋታው ቆመ ማለት ነው። አቀፍኳት። ሰማዩ ቀልቷል፤ ትንሽ ባቆያት ይጨልማል፣ ሌላ እሁድ ይመጣል። ዮኒስ መስመሩ ላይ ቆሞ ሁለት እጁን ዘረጋልኝ። ሰዉ «ወርውራት እንጂ አንተ!» እያለ ይጮሃል። ረመዳን ሎዙን አስቀመጠ።

«ምን ሆነሃል?»

«ትንሽ ላቆያት።»

«ሳሙና እየተመራ?» አለኝ። በሕይወት እያለ እንደዚያ አፍሮብኝ አያውቅም።

ወረወርኳት። ታዲያ ምን ላድርግ? ዮኒስ ከመስመሩ በእጁ ወደ ጎሉ አሻማት፤ አንዱ በግንባሩ ሲገጫት ቋሚውን መትታ ተመለሰች፤ ዮኒስ ራሱ እያነከሰ ደረሰና በግራው ለጋት። መረቡ ተወጠረ። ከሁሉም ቀድሜ የተነሳሁት እኔ ነበርኩ፤ እያለቀስኩ «እጠባቸው! እጠባቸው!» እላለሁ። ረመዳን አንገቴን አንቆ ሳመኝ። ዳኛው ፊሽካውን ረጅም አድርጎ ነፋና አሸዋው ላይ ተዘረረ።

ዓይኔን ጨፍኜ ጠበቅኩ። ስገልጥ ረመዳን ሽርጡን እያጠበቀ ነው።

«ተነስ እንጂ፣ አለቀ እኮ» አለኝ።

ጨዋታ ሲያልቅ ሰው ወዴት ይሄዳል? ወደ ቤቱ ነዋ። ይሄን አንዳችንም አላሰብነውም ነበር።

ኦብሳ ሁለቱንም መዝጊያ ወለል አድርጎ ከፈተ። ሕዝቡ እየዘፈነ ወጣ፤ መንገዱን ሞልቶ፣ በባጃጆቹ መሃል አልፎ፣ ግማሹ ወደ ከዚራ፣ ግማሹ በደቻቱ ድልድይ ወደ መጋላ ሄደ። ከእግራቸው ሥር አቧራ አይነሳም። ጉልላት ከዮኒስ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተቃቅፈው ሲያልፉ አየኋቸው። በየሰፈሩ በር ይንኳኳ ጀመር። አንዲት ሴት ስትጮህ ሰማሁ፤ ወዲያው ዝም አለች።

እኛም ቤት ደረስን። እናታችን ካረፈች በኋላ ቤቱ ተሽጦ የሞባይል መሸጫ ሆኗል፤ እሁድ ስለሆነ የብረት መዝጊያው ወርዶ ከውጭ በትልቅ ቁልፍ ተቆልፏል። ልነግረው አፌን ከፈትኩ፤ እሱ ግን ቀደመኝ። ረመዳን ብረቱን በመዳፉ መታው።

«እማዬ! አቻ ወጣን!»

ከውስጥ ነጠላ ጫማ እየተጎተተ መጣ።

«ታናሽህንስ ይዘኸዋል?» አለች።

ረመዳን ወደ እኔ ዞሮ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። መዝጊያው፣ ቁልፉ እንደተንጠለጠለበት፣ ከመሬት ቀስ እያለ ከፍ ማለት ጀመረ፤ በሥሩም የእናቴ እግሮች ታዩ።