ሽታ የጠፋባት ትራፊክ

ትራፊክ ፖሊሷ አደባባዩ መሃል መቆም ከጀመረች ወዲህ ጉንፋን ተለይቷት አያውቅም። ዳገቱን የሚወጡት የጭነት መኪኖች እሷ ጋ ሲደርሱ ማርሽ ይቀይሩና ጥቁር ጭሳቸውን ፊቷ ላይ ይለቁባታል። ማታ ስትናፈጥ መሐረቧ ጥላሸት የተጠረገበት ይመስላል። ግንባሯን ሰቅዞ ይይዛታል፤ ጉሮሮዋን ይከረክራታል፤ ተኝታም የምትተነፍሰው በአፏ ነው። «ሳይነስ ነው፣ ያልፋል» ትላለች። አላለፈም።

አብረዋት የሚኖሩት አባቷ ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሾፌር ናቸው። ዓይናቸው ደክሞ ከጥላ በቀር አይለይም።

አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ እግሯ አልሸከም ብሏት ነበር። ደጅ ፀሐይ የሚሞቁትን አባቷን ሰላም ብላ፣ ሻይ ልትጥድ ኩሽና ገባችና ክብሪት አነሳች። ተከትለዋት የገቡት አባቷ ከበሩ ጮኹ።

«ተይ! እንዳትጭሪ! ቤቱ በጋዝ ታፍኗል እኮ! አይሸትሽም?»

«ምንም።»

ክብሪቱ ከእጇ ወደቀ። አባቷ እየዳበሱ ሲሊንደሩን ዘጉት፤ እሷ መስኮቶቹን በረገደቻቸው። ከዚያ ሁለቱም ደጅ ወጥተው ደረጃው ላይ ዘፍ አሉ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«እንጃ። ሳሙናው እንኳ አልሸት ካለኝ ቆየ። በጉንፋኑ አሳብቤ ተውኩት።»

«ያንን ዳገት ዕድሜ ልኬን ጭስ እየለቀቅኩ ነው የወጣሁት» አሉ አባቷ። «ዞሮ ዞሮ የልጄ አፍንጫ ገባ።»

«አባባ፣ አሁን ደግሞ እርስዎን ላባብል? ደክሞኛል።»

የአፍንጫ ሐኪሟ በትንሽ መብራት አየቻት። ጭሱና አቧራው የውስጡን ሽፋን አቁስሎ አሳብጦታል። «አፍንጫ የሳንባ ዘበኛ ነው» አለቻት። «ያንቺው ያለ ቀያሪ ቆሞ ቆሞ ወድቋል።» የሚነፋ መድኃኒት አዘዘችላት፤ በጨው ውሃ እንድታጥበው፣ ማስክ እንድታደርግ፣ ከሁሉ በላይ ከዚያ ቦታ ዞር እንድትል ነገረቻት።

«ሽታውስ ይመለሳል?»

«ሊመለስ ይችላል። በእርግጠኝነት ይመለሳል ብዬ ግን አልዋሽሽም።»

አለቃዋ የሐኪሟን ወረቀት አይቶ ሳቀ። «እዚህ አፍንጫው የማይፈስ ማን አለ?»

«ቤቴን ከነአባቴ ላጋየው ነበር» አለችው። መጮህ አምሯት ነበር፤ አቅም አጣች። እሱም ሳቁን ዋጠ።

ብዙ ሳይቆይ ትምህርት ቤት ወዳለበት ጸጥ ያለ መንገድ አዛወራት። ራስ ምታቱ ቀለል አላት፤ እንቅልፍም አገኘች። ሽታው ግን አንዳንድ ጠዋት ብልጭ ይልና መልሶ ይጠፋል።

አንድ ቀን ወደ ቤቷ ስትሄድ በአደባባዩ አለፈች። በእሷ ቦታ የተተካችው ወጣት ጭሱ ውስጥ ቆማ ዓይኗን በክንዷ ታብሳለች። አለቆቹ መቼም ቦታውን ባዶ አይተዉም። መንገዱን አቋርጣ ሄደችና የያዘችውን የማስክ ፓኮ ሰጠቻት።

«ጉንፋን ቢይዝሽ አትናቂው፣ እህቴ» አለቻት።

አንድ የጭነት መኪና ማርሽ ቀየረ። ወጣቷ እጇን አንስታ አስቆመችው፤ እሷም ተሻገረች።